የጠርሙሱ ሣር

ልጄ ሲፈን የጠርሙሱን ክዳን ስታነሳ የእርጥብ አፈርና የከሰል ሽታ ቤቱን ሞላው፤ እኔ ግን ከዚያ ሽታ ኋላ ደም ሸተተኝ። ሳላስበው ቀኝ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁ። መዳፌ ላይ፣ ከአውራ ጣቴ ሥር ተነስቶ እስከ አንጓዬ የሚወርድ ጠባሳ አለኝ፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ይበላኛል፤ ያን ዕለት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በላኝ። ወዲያው ከነቀምቴ ዳር፣ ከቡርቃ ጃቶ ሰፈር በኩል ሁለት ጊዜ ተተኮሰ፣ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፣ ጠርሙሱ ላይ ተለጥፎ የነበረው ጠልም ተንሸራቶ ወረደ። በሩን ልቀረቅር ስሮጥ ሲፈን ቀና እንኳ ሳትል፣ "ሩቅ ነው ሀርሜ" አለችኝ፤ በአባቷ ቋንቋ እናቴ ማለቷ ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እኔ በእሷ ዕድሜ በድምፁ የምለየው ወፍ ነበር።

ጠርሙሱ የሳይንስ አስተማሪዋ ያዘዛት ሥራ ነው። አፉ ሰፊ የሆነ የማርማላታ ጠርሙስ አጥባ፣ ከሥሩ ጠጠር ደርድራ፣ በላዩ የደቀቀ ከሰል፣ በከሰሉ ላይ አፈር ጨምራ፣ ከጓሯችን ድንጋይ ላይ በማንኪያ የላጠችውን እንደ ከፋይ የለሰለሰ አረንጓዴ አንጥፋ፣ ቅጠሉ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀ ትንሽ ተክል መሐሉ ላይ ተክላ፣ በጣቷ ውኃ አርከፍክፋ ከደነችው። ከዚያ ውኃው ከአፈሩ ተንኖ ክዳኑ ላይ እንደሚጠራቀም፣ ተመልሶም እንደሚዘንብ፣ ማንም ሳያጠጣው ለዓመታት እንደሚኖር ለአባቷ ከደብተሯ ስታነብለት ማድቤት ሆኜ ሰማሁ። ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥሁ ሴት ነኝ፤ ይህንንም የምጽፈው ፊደሉን እያፈላለግሁ ነው፤ ያን አንድ ትምህርት ግን እሷ ሳትወለድ አውቀዋለሁ።

ችግሩ ጠርሙሱ ሰኞ ትምህርት ቤት መድረስ አለበት። ሲፈንን ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከግቢ አላስወጣኋትም። የጎረቤት ልጆች የጨለለቂን ሰፈር አቋርጠው ትምህርት ቤት ሲሄዱ በአጥር ቀዳዳ እያየቻቸው ትውላለች። አባቷ ከእንጨት ሥራው ሲመለስ እስከ መቼ ነው የምታስቀምጫት ይለኛል፣ እኔም እስኪበርድ እላለሁ፤ ምኑ እስኪበርድ እንደሆነ ሁለታችንም አናውቅም። ያቺ ጠርሙስ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጣ ለራሷ ስትዘንብ ባየሁ ቁጥር፣ ልጄንም እንዲሁ ከድኜ ማስቀመጥ አማረኝ፤ ያን ጊዜ ነው መንደር ስድስት የመጣብኝ።

መንደር ስድስት ከነቀምቴ ወደ ሰሜን ሲወረድ ቆላው ውስጥ ያለ፣ ስም ሳይሆን ቁጥር የተሰጠው የሰፋሪ ሰፈር ነበር፤ የሣር ቤቶቹ ለቆጠራ እንደተሰለፉ ወታደሮች በቀጥታ መስመር የቆሙ። ከወሎ የመጣሁት በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ነው ይሉኛል፤ እኔ የማስታውሰው እዚያው ያደግሁትን ነው። አባቴ እንድሪስ የድንጋይ አገር ሰው ነው፤ በአገሩ ሣር ማለት በግ ጎንበስ ብላ የምትግጠው ነገር ሲሆን እዚህ ግን ፈረሰኛ የሚውጥ ሣር ጠበቀው። የመጀመሪያውን ዓመት ወደ ማሳ ሲወጣ ጠፍር ከጠፍር ቀጣጥሎ አንዱን ጫፍ ከቤታችን ምሰሶ፣ ሌላውን ከወገቡ ጋር አስሮ ነበር የሚገባው፤ መንገድ እንዳይጠፋው። ከጅረቱ ማዶ ያሉት የአገሩ ሰዎች ይህን አይተው፣ የእንድሪስ እናት እትብቱን ሳትቆርጥ ነው የላከችው እያሉ ለዓመታት ሳቁበት። እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር።

ከጅረቱ ማዶ ጓደኛዬ ጫልቱ ነበረች፣ ከአያቷ ጋር የምትኖር። አያትን በኦሮምኛ አኮ ነው የሚሉት፤ ስሟን ጠይቄ አላውቅም፤ ለእኔም አኮ ነበረች። አንድ ዓይኗ በደመና የተሸፈነ፣ ረጅም፣ ከጀርባዋ ቀጥ ያለች ሴት ነበረች፤ እኔን "ኢንታላ ኮ"፣ ልጄ እያለች ትጠራኛለች። ለእናቴ እርጎ ታመጣለች፣ እናቴ ደግሞ ጥጥ ትፈትልላታለች፤ ሁለቱ የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም፤ እናቴ በወሎ አማርኛዋ፣ አኮ በኦሮምኛዋ እኩል ያወሩና እንዴት እንደሆነ እንጃ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ እኩል ይስቃሉ። ስለ ባሎቻቸው ይሆናል የሚያወሩት ብለን እኔና ጫልቱ እናስብ ነበር።

አስተማሪያችን ከነቀምቴ የተላከ፣ ሱሪው አጭር፣ ትዕግሥቱ ረጅም የሆነ ወጣት ነበር። አንድ ቀን ጤና ጣቢያው ጥጥ ያስቀምጥበት የነበረ፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ ትልቅ ጠርሙስ ሲጥል እሱን አንስቶ አመጣና፣ ልክ ዛሬ ሲፈን እንዳደረገችው አድርጎ፣ ጠጠሩንም ከሰሉንም አሳየን። ከዚያ ማን ይወስደዋል ሲል እኔና ጫልቱ ከሌላው ቀድመን ዘለን አቀፍነው። ጅረቱ ዳር ወርደን ከድንጋይ ላይ አረንጓዴውን ላጥን፣ ማበጠሪያ የሚመስለውን ተክል ነቀልን፣ እኔ በቃ ስል ጫልቱ አልበቃም አለችና አንድ ጉንጉን ሰርዶ ነቅላ መጣች። እኛ ሰርዶ የምንለውን እነሱ ጮቆርሳ ይሉታል። አባቴ ሰርዶን ማሳው ውስጥ ካየው እባብ እንዳየ ነው የሚጮኸው፣ አይሞትለትምና፤ ለጫልቱ ግን ጮቆርሳ የሌለበት ቦታ፣ አኮ እንዳለቻት፣ ያልተመረቀ ቦታ ነው። አስተማሪው ሳይቀር ሣሩ አድጎ ክዳኑን ይገፋል ብሎ ሳቀባት። እሷ ከተከለችው በኋላ ግን ማን ይነቅለዋል። የተሰነጠቀውን ክዳን በሰም ደፈንነው፤ ከጎተራችን ሥር፣ የጠዋት ፀሐይ በሚገባበት በኩል አስቀመጥነው፤ ከዚያም ትንፋሻችንን ውጠን እየተያየን፣ የከፈተ እናቱ ትሙት ብለን ማልን። የጫልቱ እናት ድሮ ሞታለች፤ ስለዚህ መሐላው የሚከብደው በእኔ ላይ ነበር፤ እሷም ይህን ታውቅ ነበር።

ክረምቱ አልቆ በጋ ሲገባ አገሩ ሁሉ ሲደርቅ ጠርሙሱ ውስጥ ይዘንብ ነበር። በየጠዋቱ በሆዳችን ተኝተን እናየዋለን። ሰርዶው ከግራ ወደ ቀኝ ተጠማዞ፣ መስታወቱን ዳብሶ ዳብሶ መውጫ ሲያጣ ክዳኑ ሥር ተጠምጥሞ ቀረ።

አባቴ አዲስ ማሳ መንጥሮ ነበር። በአገሩ ምንጣሮ የሚቃጠለው በቀትር ነው፣ ፀሐይ ታግዘዋለችና፤ እሳቱም ከማሳው ጫፍ ድንጋይ ላይ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ይሞታል። የወለጋ ሰው አመሻሹ ላይ፣ ጤዛ ሊወርድ ሲል፣ እርጥብ ቅርንጫፍ የያዙ ሰዎች ዙሪያውን አቁሞ እንደሚያቃጥል አልጠየቀም፤ ማንም አልነገረውም። በጠራራ ፀሐይ ለብቻው ለኮሰው። ነፋሱ ዞረ። እሳቱ ሰው የሚያህለውን ሣር እያጨበጨበ ሄደ፣ በመንደራችንና በጅረቱ መካከል ያለውን ሜዳ በላ፣ ኩሬ ኩሬ ሆኖ የቀረውን ጅረት ዘለለ፣ ማዶ ያለው ዛፍ ላይ ወጣ። ዛፉ ላይ የኦቦ ተሬሳ ቀፎዎች ተሰቅለዋል። ኦቦ ተሬሳ የአኮ የወንድሟ ልጅ ነው፤ ማር የዓመት ኑሮው ነው። ታናሽ ወንድሙ አንዱን ቀፎ እንኳ ላድን ብሎ ሲወጣ ቅርንጫፉ ከነእሳቱ ተሰብሮ ከእሱ ጋር ወረደ። የጭኑ አጥንት ቆዳውን በስቶ ሲወጣ ያየ ሰው ሞተ ብሎ ጮኸ፤ ጩኸቱ ደግሞ ከእሳቱ ይፈጥን ነበር።

በምላጭ የተላጨ ያህል ጥቁር በሆነው ሜዳ ላይ ሃያ የሚሆኑ ወንዶች አመዱን እያቦነኑ መጡ። አባቴ አልሸሸም። ፊቱ በጥላሸት እንደተለበጠ ደጃፋችን ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሲደርሱ ተነስቶ አጥፍቻለሁ ለማለት አፉን ከፈተ፣ የመጀመሪያው ዱላ ግን ከቃሉ ቀደመ። የክንዱ አጥንት ሲሰበር የሸንኮራ አገዳ ድምፅ ነበረው። ሁለተኛው ጆሮውን ገነጠለው። ውሻችን ዘሎ ሲነክስ በጦር ከመሬት ጋር ሰፉት፤ እዚያው እየዞረ አለቀሰ። እናቴ አባቴ ላይ ስትወድቅ በሹሩባዋ ጎትተው አነሷት፤ ከጭንቅላቷ የተነቀለው ጠጉር በሰውየው ጣቶች መካከል ተንጠልጥሎ አየሁት። ከየቤቱ ደግሞ የእኛ ሰዎች ገጀራና ጦር ይዘው ወጡ። ልጅ ብሆንም ገባኝ፤ አባቴ ከሞተ የመጀመሪያው እንጂ የመጨረሻው አይሆንም።

አኮ ሜዳውን አቋርጣ እንዴት እንደደረሰች አላውቅም፤ ጫልቱ ቀሚሷን ይዛ ከኋላዋ ትሮጣለች። በእነሱ ወግ እርጥብ ሣር በእጅ ተይዞ መሐል ከተገባ ወንድ ልጅ መምታት አይችልም፤ የመታ ከሰው ተራ ይወጣል። አኮ ዙሪያዋን አየች፤ አገሩ ሁሉ ከሰል ነው፤ ሌላ ስታጣ ከቤታችን ክዳን ሣር ነጭታ በሁለት እጇ ይዛ በተሬሳ ፊት ቆመች። ፊቱ በንብ መርዝ አባብጦ፣ ቅንድቡ ተቃጥሎ፣ ፋስ ይዟል። ሣሩን አየና፣

"ደረቅ ሣር ለእሳት ነው፣ አዳዳ" አላት። "እሳት ደግሞ ዛሬ በልቶናል።"

አዳዳ የአባት እህት ናት። እንዲህ ብሎ አክብሮ ጠርቷት፣ በክንዱ ገፋት። ወደቀች፣ ግንባሯ ከወፍጮው ድንጋይ ጋር ተላተመ። ሁሉም አንድ ትንፋሽ ያህል ቆሙ፤ ከዚያ ቀጠሉ። እሷ ከመሬት ላይ ሆና እርጥብ ሣር፣ እርጥብ ሣር አምጡ እያለች ትጣራለች። እኔና ጫልቱ ተያየን። ጫልቱ ራሷን ነቀነቀች፤ አትክፈቺው ማለቷ ነበር፤ እናትሽ ትሞታለች ማለቷ ነበር።

እናቴን አየኋት፣ በሹሩባዋ ተይዛለች። አባቴን አየሁት፣ ፋሱ ከበላዩ ነው። ያኔ የመረጥሁትን እስከ ዛሬ እመርጠዋለሁ፤ እስከ ዛሬም እፈራዋለሁ። ከጎተራው ሥር ገብቼ ጠርሙሱን በወፍጮው መጅ መታሁት፤ አልሰበር ሲለኝ ደግሜ መታሁት፤ ፈንድቶ መዳፌን ከፈተው። ያ የአፈርና የከሰል ሽታ ያኔ ነው ከደሜ ጋር አፍንጫዬ ውስጥ የገባው። ሰርዶውን ከነሥሩ ጎተትሁት፤ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር ነጭ፣ ውኃው የሚንጠባጠብ። አኮ ከእጄ ተቀብላ በቀሚሷ ጫፍ ደሜን ከላዩ ጠረገችው፤ ደም የነካው ሣር አይዘረጋምና፤ እጇ አልቸኮለም፤ እኔ ግን ያቺን ጥረጋ እስክትጨርስ አባቴ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ከግንባሯ እየደማች ተንበረከከች፣ ሣሩን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ያዘች፣ "ማሎ፣ ተሬሳ" አለች፤ እባክህ ማለት ነው።

ፋሱ አልወረደም፤ አልተመለሰምም። ተሬሳ ያን አረንጓዴ ሲያይ ግራ የገባው መሰለኝ፤ ዓይን እስከሚደርስ ድረስ የሚጤስ ምድር ላይ ይህ ከየት መጣ የሚል ዓይነት። ጠብ ጠብ የሚለውን ውኃ ተከትሎ ዓይኑ ወደ መሬት ወረደ። ከዚያ ፋሱን ወደ ኋላው ጣለ፣ ጎንበስ ብሎ ከሣሩ አንዲት ዘለላ ቀጥፎ ያዘ፤ መያዝ መቀበል ነው፤ አመዱ ላይ ቁጭ ብሎም እንደ ሴት እየጮኸ አለቀሰ። ወንዶቹ ሁሉ፣ የእኛዎቹም፣ ዱላቸውን መሬት ላይ ሲያስቀምጡ የነበረው ድምፅ ዝናብ ይመስል ነበር።

አባቴንና የተሬሳን ወንድም የጠገናቸው አንድ ወጌሻ ነው፣ በአንድ ቤት፣ በአንድ ቀን፤ ጎን ለጎን ተኝተው በሁለት ቋንቋ ሲሰዳደቡ፣ በኋላ ደግሞ ሁለቱም ወጌሻውን ሲሰድቡ ሰምቼ ሳቅሁ። አባቴ ክረምቱን ሙሉ በአንድ እጁ ከተሬሳ ጋር ቀፎ ሲሠራ ከረመ። መጀመሪያ የሠራቸው ቀፎዎች ውስጥ ንብ አልገባ ሲል ተሬሳ ወሎ ወሎ ስለሚሸት ነው ይለው ነበር። ጫልቱ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ በሦስተኛው መጥታ የታሰረ እጄን አየችና፣ ያ ማበጠሪያ የሚመስለውስ፣ እሱም ሞተ? ብላ ጠየቀችኝ። የእናቴን ጤንነት ግን ለወራት እኩል ስንከታተል ነበር፤ ባሳለች ቁጥር ጫልቱ ታየኛለች። እናቴ አልሞተችም። ኖረች፣ አረጀች፣ እኔን ዳረች፣ አኮንም ቀበረች። መሐላው የረሳን መሰለኝ።

ጥቂት ዓመታት ይሆነዋል፣ መንደር ስድስት ሲቃጠል ክረምት ነበር። እኔ ነቀምቴ ነበርሁ፤ የነበሩት ናቸው የነገሩኝ። አገሩ ሁሉ አረንጓዴ፣ ሰርዶው እስከ ደጃፍ የመጣበት ጊዜ። ተኩሱ ሲጀመር ሌላው ወደ ጫካ ሲሮጥ እናቴ ጎንበስ ብላ ከእግሯ ሥር ሣር ነቀለች፣ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ ወደ ጅረቱ ሄደች፤ አኮ እንዳደረገችው። የሚተኩሱት ግን ከጅረቱ ማዶ፣ ከኮረብታው ላይ ነበሩ። ከዚያ ርቀት በእጅ የተያዘ ሣር አይታይም። ጣቶቿን ፈልቅቀው ነው ሣሩን ያወጡት አሉኝ። ጫልቱ ያለችበትን አላውቅም፤ ስልኳ ከዚያ ወዲህ አይጠራም። ማን ያቃጥል፣ ማን ይተኩስ፣ የሚነግሩኝ ሰዎች ሁሉ የተለያየ ነገር ይነግሩኛል፤ እኔም መጠየቅ ትቻለሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲፈን ፀጉሯን ስትሠራ ጓሮ ወርጄ ከአጥሩ ሥር ሰርዶ ነቀልሁና ጠርሙሷ ውስጥ ተከልሁት። ስታየው፣ ይኼ አድጎ ክዳኑን ይገፋል እኮ ሀርሜ አለች፤ እኔም ይግፋ አልኋት። ሰኞ ጠዋት በሩን ከፈትሁላት። አባቷ በመገረም አየኝ። ጠርሙሱን በሁለት እጇ አቅፋ ከፊት ሄደች፤ እኔ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቼ ተከተልኋት፤ ከነጠላዬ ሥር፣ ጠባሳው ባለበት እጄ፣ አንድ ጭብጥ ሰርዶ ይዣለሁ።

መንገዱ መታጠፊያ ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው፣ ፊቱን በጨርቅ የሸፈነ፣ ሲፈንን አስቆማት። በአንዱ ቋንቋ ጠየቃት፤ ደንግጣ ዝም ስትል በሌላው ደገመላት። በአፈሙዙ ጠርሙሱን ነካ ነካ አደረገው፤ ያ የመስታወት ድምፅ ጥርሴ ውስጥ ገባ። ክዳኑን አስከፍቶ አሸተተው፣ ዘግቶ ሰጣትና እለፊ አላት። ከዚያ እኔን አየኝ፣ የተሸፈነ እጄን አየ፤ እጅሽን አውጪ አለኝ። አወጣሁት። ከፈትሁት። እርጥብ ነበር፤ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ነው የነቀልሁት። በመዳፌ ላይ ዘርግቼ፣ ልክ አኮ እንደያዘችው፣ ወደ እሱ አቀረብሁለት። ሣሩን አየ፤ ጠባሳዬን አየ፤ እኔን አየ። ዓይኖቹ ክፉ አልነበሩም፤ የሕፃን ዓይኖች ነበሩ፤ የእኔን ልጅ ሊያገባ የሚደርስ ልጅ ነው። እየጠበቅሁ ነበር፤ ምን እንደምጠብቅ ራሴም አላውቅም፤ ምናልባት አንዲት ዘለላ እንዲቀጥፍ።

"ላም አላችሁ እንዴ እናቴ?" አለኝ።

"የለንም ልጄ" አልሁት፤ የሌለንን ሁሉ ለመዘርዘር ጊዜ አልነበረም፤ ሲፈን ጠርሙሷን አቅፋ ማዕዘኑን ልትታጠፍ ስለነበር ዓይኔን ከእሷ አላነሳሁም።